የማንኪራ ቡና ቅላት በኮምፒውተር ስክሪን ላይ

ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የማንኪራ ደን፣ ቡና ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር በቅሎ የሚያድግበት ሥፍራ ነው። የከፋ ሰዎች የቡና መገኛ ማንኪራ ናት ይላሉ፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎችም አረቢካ የሚባለው ቡና ጥንተ መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ይናገራሉ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 የከፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። በዚህ ምንባብ የምንመለከተው ግን የቡናውን ታሪክ ሳይሆን ቀለሙን ነው፤ ይኸውም በዓይን የታየው የፍሬው ቅላት በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ለምን እንደሚለወጥና የለውጡም ምክንያት እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው።

አንድ የቦንጋ ተማሪ በለቀማ ወራት ወደ ማንኪራ ሄዶ፣ በቀይ ፍሬ የተሞላ የቡና ቅርንጫፍ ፎቶግራፍ አነሣ እንበል። አብሮት የሄደው ጓደኛው ደብተሩን ገልጦ ይዞ ስለ ነበር የደብተሩ ነጭ ገጽ በሥዕሉ ጠርዝ ገባ። ተማሪው በማግሥቱ ፎቶግራፉን በአንድ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር ሲከፍተው፣ በጫካው ውስጥ ቀይ የነበረው ፍሬ ወደ ብርቱካን ቀለም አድልቶ አገኘው። ስለዚህ በፎቶሾፕ ቢጫውን ቀነሰ፤ ቀዩን ጨመረ፤ ጥቂትም አጠቈረው። በስክሪኑ ላይ ያለው ፍሬ በዓይኑ ካየው ጋር የተስማማ በመሰለው ጊዜ አሳተመው። ከማተሚያው የወጣው ፍሬ ግን ቀይ መሆኑ ቀርቶ እንደ ወይን ጠጅ የጠቈረ ሆነ። ያው ፋይል በስልኩ ሲከፈት ደግሞ ወይን ጠጅነቱ ሳይለቀው፣ ይበልጥ የሚያበራ ሌላ ቀለም ታየ። ፋይሉ አንድ፣ ቀለሙ ሦስት ሆነበት።

ነገሩ ለፎቶ አንሺው ብቻ የሚተው አይደለም። የቡና ፍሬ መብሰሉ የሚለየው በቀለሙ ነው። አንድ ገበሬ የለቀመውን ፍሬ በፎቶግራፍ ለሩቅ ገዢ ቢያሳይና ሥዕሉ ወደ ብርቱካን ቢያደላ፣ ጥሬውን ከበሰለው ቀላቅሎ ለቅሟል ሊባል ይችላል፤ ከመጠን በላይ ቢቀላ ደግሞ ሥዕሉ ተነካክቷል ተብሎ ይጠረጠራል። በሁለቱም መንገድ ገበሬው ባልሠራው ጥፋት ይወቀሳል።

ስሕተቱን ለማግኘት አስቀድመን ፋይሉ በውስጡ የያዘው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። ፋይሉ የያዘው ቀለም ሳይሆን ቍጥር ነው። ሥዕሉ እጅግ ደቃቅ በሆኑ ነጥቦች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቍጥሮች ይመዘገቡለታል፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ደግሞ ለሰማያዊ። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ቍጥር ከ0 እስከ 255 ባለው መካከል ይውላል። ለአንድ የበሰለ ፍሬ ለምሳሌ ያህል ቀይ 190፣ አረንጓዴ 30፣ ሰማያዊ 35 ሊጻፍለት ይችላል። ነገር ግን የአንዱ ሞኒተር ቀይ ከሌላው ሞኒተር ቀይ ጋር አንድ አይደለም፤ አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ፈዛዛ ነው። እንግዲህ 190 ስንል በየትኛው ቀይ ተለክቶ ነው?

ይህ ዓይነቱ ጥያቄ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። “ገና ነው” የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። “ና” ጠብቃ ስትነበብ የልደትን በዓል፣ ላልታ ስትነበብ ግን ጊዜው አለመድረሱን ታስረዳለች። “ዋና” የሚለው ቃልም ሲላላ በውኃ ላይ መዋኘትን፣ ሲጠብቅ ደግሞ የበላይ የሆነውን ነገር ያመለክታል። የተጻፉት ፊደላት አልተለወጡም፤ የተለወጠው ንባቡ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ለይቶ ስለማያሳይ አንባቢው ከፊትና ከኋላ ያሉትን ቃላት አይቶ ይፈታዋል። ኮምፒውተር ግን ከፊትና ከኋላ አይቶ ማስተዋል አይችልም። ስለዚህ ቍጥሮቹ እንዴት እንደሚነበቡ የሚያስረዳ መግለጫ ከፋይሉ ጋር ይያያዛል፤ ይህም መግለጫ ፕሮፋይል ይባላል።

የፕሮፋይልን አሠራር በአንድ ደንብ ለመምራት ዓለም አቀፍ የቀለም ኮንሶርሲየም እ.ኤ.አ. በ1993 ተቋቋመ። ከዚያም በ1996 ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት ኤስ አር ጂ ቢ የተባለውን የቀለም መለኪያ አቀረቡ፤ እርሱም በ1999 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ዛሬ በስልክና በኮምፒውተር ከሚዘዋወሩት ፎቶግራፎች የሚበዙት የሚነበቡት በዚህ ነው። ሰፋ ያለ ቀለም የሚይዝ፣ አዶቢ አር ጂ ቢ የሚባል ሌላ መለኪያም አለ። ፋይሉ ፕሮፋይል እንዳለው ሁሉ ሞኒተሩም የራሱ ፕሮፋይል አለው። ፎቶሾፕን የመሰለ ሶፍትዌር በሁለቱ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው፤ የፋይሉን ቍጥሮች አንብቦ ሞኒተሩ በሚገባው ቍጥር ይነግረዋል።

አሁን ወደ ተማሪያችን እንመለስ። የተማሪው ስሕተት ቀለሙ ተበላሽቶ ባየ ጊዜ በቀጥታ ወደ ሥዕሉ መሄዱ ነበር። ሥዕሉን ከመንካት አስቀድሞ ጥፋቱ በሥዕሉ ውስጥ ወይም በስክሪኑ ላይ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ለዚህም የሚረዳው ያ ሳይታሰብ የገባው የደብተር ገጽ ነው። ነጭ ወይም ግራጫ በሆነ ነገር ላይ ሦስቱ ቍጥሮች እኩል፣ ወይም ለእኩል የቀረቡ መሆን አለባቸው። የደብተር ወረቀት ፍጹም ነጭ ባይሆንም ለዚህ ሥራ ይበቃል። በፎቶሾፕም ሆነ ያለ ዋጋ በሚገኘው ጂምፕ፣ የቀለም መልቀሚያውን ምልክት በወረቀቱ ላይ አድርጋችሁ ቍጥሮቹን አንብቡ። አረንጓዴው ከሁለቱ በልጦ ከተገኘ ጥፋቱ የጫካው ብርሃን ነው፤ በቅጠል መካከል አልፎ የሚወርድ ብርሃን አረንጓዴነት ይይዛልና። ይህ በእርግጥ በሥዕሉ ውስጥ ያለ ጥፋት ስለ ሆነ ሦስቱ ቍጥሮች እስኪቀራረቡ ድረስ ይታረማል። ቍጥሮቹ እኩል ሆነው ሳለ ወረቀቱ በስክሪኑ ላይ ቢጫ ሆኖ ከታየ ግን ሥዕሉ ንጹሕ ነው፤ የሚዋሸው ስክሪኑ ነው። ይህ ምርመራ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰዎች የሚዘነጉት ነው።

የስክሪኑን ጥፋት መፈለግ የሚጀመረው ከቀላሉ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ማታ ዓይንን ለማሳረፍ ሲባል ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚለውጥ ናይት ላይት የሚባል ማስተካከያ አላቸው፤ እርሱ በርቶ እንደ ሆነ አጥፉት። ሞኒተሩ ከተከፈተ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ። የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ እንዳያርፍበት መስኮቱን ጋርዱ። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን ወደ ኋላና ወደ ፊት ስታዘነብሉት ቀለሙ የሚለዋወጥ መሆኑን እዩና ፊት ለፊት ተቀመጡ። ግድግዳውን ደማቅ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቀብቶ በዚያ ክፍል ውስጥ ቀለም ማረም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ክራር እንደ መቃኘት ነው፤ ዓይን በዙሪያው ያለውን ቀለም ይለምዳልና።

የመብራት ነገርም አለ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ መሥራት ይጀምርና ባትሪው እንዳያልቅ ስክሪኑን በራሱ ያደበዝዛል። ሠራተኛው ይህን ሳያስተውል ሥዕሉ ጨለመ ብሎ ብርሃን ይጨምርበታል። መብራት ሲመጣና ስክሪኑ ወደ ቀድሞው ድምቀቱ ሲመለስ፣ በዚያ ሰዓት የታረሙት ሥዕሎች ሁሉ ነጥተው ይገኛሉ። የዚህም ተቃራኒ የሆነው ጥፋት እጅግ የተለመደ ነው። ለኅትመት ሥራ የሚስማማው የስክሪን ድምቀት በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ሲሆን፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ከ250 በላይ የሚያበሩ ሞኒተሮች ብዙ ናቸው። እንዲህ ባለ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው ሥዕሉን ያጠቍራል፤ ወረቀቱም ጠቍሮ ይወጣል። የተማሪያችን ኅትመት ከጠቈረበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። መለኪያ መሣሪያ ለሌለው፣ አንድ ነጭ ወረቀት በክፍሉ ብርሃን ከስክሪኑ አጠገብ ይዞ፣ የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ነጭ ጋር እስኪቀራረብ ድረስ ድምቀቱን መቀነስ ይረዳዋል።

እነዚህ ሁሉ ታይተው ነጩ ገጽ አሁንም ቢጫ ከሆነ ጥርጣሬው በሞኒተሩ ፕሮፋይል ላይ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ራሱን በሚያድስበት ወቅት፣ ወይም የሞኒተሩ ፕሮግራም ሲጫን፣ የተሳሳተ ፕሮፋይል ሳይታወቅ ይገባል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የዊንዶውስ መስኮቶችና ጽሑፎች ነጭ ሆነው ይታዩና ፎቶግራፉ ብቻ ቢጫ ይሆናል። ይህም የሚሆነው መስኮቶቹ ፕሮፋይሉን ስለማይጠቀሙና ፎቶሾፕ ግን አምኖ ስለሚከተለው ነው። አስተርጓሚው የታመነ ቢሆንም የተሰጠው መዝገበ ቃላት የተሳሳተ ከሆነ ምን ያድርግ? በዊንዶውስ ከለር ማኔጅመንት የሚለውን ክፍል ከፍታችሁ፣ ለሞኒተሩ የተሰጠውን ፕሮፋይል አንሡና በምትኩ ኤስ አር ጂ ቢ የሚለውን አድርጉ፤ ፎቶሾፕንም ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ። ቢጫው ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ይህ ለጊዜው የሚረዳ ነው እንጂ ፍጹም መድኃኒት አይደለም። በተለይ ሰፊ ቀለም የሚያሳዩ ሞኒተሮች በዚህ መንገድ ቀዩን ከልክ በላይ ያቃጥሉታል። ሁነኛው መፍትሔ በስክሪኑ ፊት ተንጠልጥሎ ቀለሙን የሚለካ ከለሪሜትር የሚባል መሣሪያ ነው። እርሱም ነጩን ወደ 6500 ኬልቪን አቅርቦ ለዚያው ሞኒተር ብቻ የሚሆን ፕሮፋይል ይሠራል። ዋጋው ለአንድ ፎቶ ቤት ይከብድ ይሆናል፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚያስፈልግ ዕቃ ስላልሆነ በአንድ ከተማ ያሉ ፎቶ ቤቶች በኅብረት ገዝተው በተራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ በፋይሉ ፕሮፋይል ላይ ይገኛል። በአዶቢ አር ጂ ቢ የተነሣ ፎቶግራፍ ፕሮፋይሉ ከወደቀበትና በኤስ አር ጂ ቢ ከተነበበ ቀለሙ ሁሉ ፈዝዞ፣ የቡናው ፍሬ የታመመ ይመስላል። በፎቶሾፕ ውስጥ ይህን የሚመለከቱ ሁለት ትእዛዞች አሉ፤ እነርሱንም የሚያምታታቸው ሰው ብዙ ነው። አሳይን ፕሮፋይል የሚለው ቍጥሮቹን ሳይነካ ንባባቸውን ብቻ ይለውጣል፤ “ገና”ን አላልቶ ያነበበውን ሰው አጥብቀህ አንብብ እንደ ማለት ነው። ኮንቨርት ቱ ፕሮፋይል የሚለው ግን መልኩን ጠብቆ ቍጥሮቹን ይለውጣል፤ ይህም ትርጕም ነው። ፕሮፋይሉ ለጠፋበት ፋይል የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው። ፎቶግራፉን ወደ ስልክ ወይም ወደ ሌላ ሰው ለመላክ ሲሆን ደግሞ በሁለተኛው ትእዛዝ ወደ ኤስ አር ጂ ቢ ተለውጦ ከነፕሮፋይሉ ይቀመጣል።

በኅትመት ጊዜ ቀለሙን የሚተረጕመው አንድ ብቻ መሆን አለበት። ትርጕሙን ፎቶሾፕ እንዲሠራ ካዘዛችሁ በፕሪንተሩ በኩል ያለውን የቀለም ማስተካከያ አጥፉ፤ ያለዚያ የተተረጐመው እንደገና ይተረጐማል። ወረቀት እንደ ስክሪን ብርሃን ስለማያመነጭ አንዳንድ ደማቅ ቀይ በቀለም ሊታተም አይችልም፤ ይህ ጥፋት ሳይሆን የወረቀት ጠባይ ነው።

ተማሪያችን በመጀመሪያ ያነሣውን ፎቶግራፍ በካሜራው ካርድ ላይ ሳይሰርዝ አቈይቶት ነበርና ያንን እንደገና ከፈተ። በደብተሩ ገጽ ላይ ያነበባቸው ቍጥሮች 196፣ 209፣ 190 ነበሩ። አረንጓዴውን እስኪቀራረቡ ድረስ አስተካከለ፤ ሆኖም ገጹ በስክሪኑ ላይ ቢጫ እንደ ሆነ ቀረ። የሞኒተሩ ፕሮፋይል በኤስ አር ጂ ቢ በተተካ ጊዜ ገጹ ነጣ፤ ፍሬውም ምንም ቀይ ሳይጨመርበት ቀላ። የስክሪኑን ድምቀት ቀንሶ ሁለተኛውን ወረቀት አሳተመ፤ የመጀመሪያውንም ጐን ለጐን አድርጎ ተመለከተው። በአዲሱ ወረቀት ላይ ከቀዮቹ መካከል ገና ያልበሰሉ ሁለት ቢጫ ፍሬዎች ተለይተው ይታዩ ነበር፤ ቀድሞ በስክሪኑ ላይ አላያቸውም።