የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

የባሕርን ሕይወት በመስታወት ገንዳ ውስጥ አኑሮ በቤት መመልከት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ኮራሉ እንደ አበባ ተከፍቶ ሲወዛወዝ፣ ዓሣውም በመካከሉ ሲመላለስ ያየ እንግዳ ሁሉ ስለ ቀለሙ ያደንቃል፤ የዓሣውን ስም ይጠይቃል፤ የመብራቱንም ዋጋ ያነሣል። በጓዳው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ስለሚገኙት ሦስት አራት ፊልትሮዎች የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እኛ በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው የእነዚህኑ ነገር ነው፤ የኮራሉ ሕይወትና ሞት የተንጠለጠለው በእነርሱ ላይ ነውና።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ፍጥረቶች በአንድነት ተሰብስበው፣ ከውሃው ካልሲየም እየወሰዱ የኖራ ድንጋይ ቤት ይሠራሉ። ሕዝብ ገብቶ የሚጎበኘው የመጀመሪያው የዓሣ ቤት በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ስፍራ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው። ኮራልን በቤት ማኖር ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል፤ ብዙ ዓሣ የሚታገሠውን ውሃ ኮራል አይታገሠውምና።

የቧንቧ ውሃ ለሰው መጠጥ የተሰናዳ ነው እንጂ ለኮራል የተሰናዳ አይደለም። ጀርም ለመግደል የሚጨመረው ክሎሪን ወይም ክሎራሚን፣ በውሃው ሟሙተው የሚመጡት ናይትሬት፣ ፎስፌትና ሲሊኬት፣ ከቱቦውም የሚገኘው ጥቂት መዳብ፣ ሰውን በማይጎዳ መጠን እንኳ ለባሕር ፍጥረት ጠንቅ ሊሆኑ ይችላሉ። መዳብ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላል። ፎስፌት ሲበዛ ዋቅላሚን ያፋፋል፤ ኮራሉም አጥንቱን እንዳይሠራ ያሰናክለዋል።

ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ትነት ነው። ከገንዳው በየቀኑ የሚተነው ውሃው ብቻ ሲሆን፣ ጨውና ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ባለቤቱ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ የሞላ እንደሆነ፣ ከእያንዳንዱ ሊትር ጋር የገባው ጉድፍ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ዛሬ ከቁጥር የማይገባ የነበረው ነገር ውሎ አድሮ መርዝ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ለመከላከል የሚያገለግለው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍል አለው። የመጀመሪያው አፈርና ዝገት የሚያስቀር የደለል ማጣሪያ ነው። ሁለተኛው ክሎሪን የሚይዝ የከሰል ማጣሪያ ነው። ሦስተኛው ሪቨርስ ኦዝሞሲስ የሚባለው ስስ ሽፋን ሲሆን፣ ውሃው በግፊት ተገዶ ሲያልፍበት ከሟሙት ማዕድኖች ከመቶ 95 እስከ 98 የሚሆነውን ያስቀራል። ለዚህ ጥበብ መሠረት የሆነውን ሽፋን ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሠርተው አሳይተዋል፤ ያን ጊዜ የታሰበውም የባሕርን ውሃ ለመጠጥ ማብቃት ነበር። አራተኛው ሬዚን ነው፤ ይኸውም የተረፉትን ማዕድኖች ይዞ በምትካቸው ሃይድሮጅንና ሃይድሮክሳይድ ይለቃል፤ እነዚህም ሁለቱ ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ።

አራቱ የተሰለፉት በዘፈቀደ አይደለም፤ አንዱ ለሌላው ዘበኛ ነው። የደለሉ ማጣሪያ በጊዜው ካልተለወጠ ከሰሉ በጭቃ ይደፈናል፤ ከሰሉ ከደከመ ክሎሪኑ አልፎ ስሱን ሽፋን ይበላዋል፤ ሽፋኑ ከተበላ ደግሞ ሬዚኑ ቶሎ ያልቃል። እንግዲህ ርካሹ ዕቃ ውዱን ይጠብቃል ማለት ነው። በተለመደው አሠራር የደለሉና የከሰሉ ማጣሪያ በየ6 ወሩ ገደማ ይለወጣሉ፤ ውሃው በሚደፈርስበት ወራት ግን ከዚያ ሊፈጥን ይችላል። ሽፋኑ በሚገባ ከተጠበቀ 2 ወይም 3 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያገለግላል።

የሬዚኑ ነገር ግን በመለኪያ እንጂ በወር አይቆጠርም። የሟሟውን ማዕድን የሚያሳይ ቲ.ዲ.ኤስ. የሚባል ትንሽ መለኪያ አለ። የቧንቧው ውሃ 200 ቢያሳይና ከሽፋኑ በኋላ 8 ቢሆን፣ ሽፋኑ ከመቶ 96ቱን አስቀርቷልና ደህና ነው። ከሬዚኑ በኋላ ግን ዜሮ መሆን አለበት። መለኪያው 1፣ 2 ማለት ሲጀምር ነገ ዛሬ ማለት አይገባም፤ የጠገበ ሬዚን ቀድሞ የያዘውን እንደ ሲሊኬት ያለ ነገር መልሶ ይለቃልና። ይህ መለኪያ ክሎሪንን እንደማያሳይም መታወቅ አለበት፤ የከሰሉን መድከም ለማወቅ ከሽፋኑ ተገፍቶ የሚወጣውን ውሃ በክሎሪን መመርመሪያ ወረቀት መፈተን ያስፈልጋል።

በሚለወጥበት ጊዜ የፊልትሮው ቤት ታጥቦ በደንብ ይለቀለቃል፤ የጎማው ቀለበት በሲሊኮን ቅባት ይታሻል እንጂ ቫዝሊን አይቀባም፤ ቫዝሊን ጎማውን ሊያበላሸው ይችላልና። ከአዲሱ ከሰል በመጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር ውሃ ወደ ሽፋኑ ሳይገባ ይደፋል። መሣሪያው በተከፈተ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ውሃ ወደ ገንዳው አለማስገባት ይበጃል። ስሱ ሽፋን አንዴ ከሠራ በኋላ እንዲደርቅ አይተውም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ይህ መሣሪያ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለመስጠት ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሊትር ወደ ፍሳሽ ይገፋል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ ይህን ወደ ቦይ መልቀቅ ነውር ነው። የተገፋው ውሃ ማዕድኑ በዛ እንጂ አልቆሸሸምና፣ በበርሜል ተጠራቅሞ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ይውላል።

ኮራል በዝግታ የሚያድግ ፍጥረት ነው፤ ድንጋያማዎቹ ኮራሎችም ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው በቁጥጥር ሥር እንዲሆን ተደርጓል። ዓመታት ወስዶ ያደገን ሕይወት ከባሕር አውጥቶ፣ በአንዲት ርካሽ ፊልትሮ ስንፍና መግደል የሚያሳፍር ነው። ዕቃ ሲገዛ የሚታየው ትጋት ዕቃ ሲጠበቅ የማይታይባቸውን ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ሁላችንም እናውቃለን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ስለዚህ ነው። የተለወጠበትን ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፎ በፊልትሮው ቤት ላይ መለጠፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ረሳሁ ማለት ምክንያት አይሆንም።