ጠዋት የሚያብጥ ፊት፦ የሕፃናት የኩላሊት ሕመምና የነርሷ ሚዛን

ልጁ ጠዋት ሲነሳ የዓይኑ ቆብ ያብጣል፤ ከሰዓት በኋላ ጎደል ይላል። ቤተሰቡ ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል። ቀናት ሲቆጠሩ እብጠቱ ወደ ሆድና ወደ እግር ይዛመታል፤ ጎረቤትም ልጁ የወፈረ ይመስለዋል። በአምቦ አካባቢ፣ በጉደርም ይሁን በጊንጪ ወይም በጌዶ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ሽንቱ ሳይመረመር ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም።

እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። እንደ ወንፊት ቆሻሻውን አሳልፈው ፕሮቲኑን ለሰውነት ያስቀራሉ። ኔፍሮቲክ ሲንድሮም በሚባለው ሕመም ግን አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በሽንት ይፈሳል። ውኃን በደም ሥር ውስጥ ይዞ የሚያቆየው አልቡሚን ነውና፣ እሱ ሲያንስ ፈሳሹ ከደም ሥር ወጥቶ ልጁን ያሳብጠዋል። ሕመሙ በብዛት የሚታየው ከ2 እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ደስ የሚለው፣ አብዛኞቹ ፕሬድኒሶሎን በተባለው መድኃኒት እብጠታቸው ይጠፋል።

ሌላው የጉሮሮ ወይም የቆዳ ቁስል ከዳነ በኋላ የሚከተል የኩላሊት ብግነት ነው። የጉሮሮ ሕመም ካለፈ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ የቆዳ ቁስል ከሆነ ደግሞ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ይመጣል። ሽንቱ ሻይ ይመስላል፤ የደም ግፊቱም ይጨምራል። ግፊቱ ሳይለካ ከቀረ ልጁ ራስ ምታት ሊበረታበት፣ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል።

እነዚህን ልጆች ለማስታመም ዋናው መሣሪያ ውድ ማሽን አይደለም። ነርሷ በየማለዳው ልጁን ከቁርስ በፊት፣ በአንድ ሚዛን፣ በቀላል ልብስ ትመዝናለች፤ የአንድ ቀን የክብደት ለውጥ ፈሳሹ እየቀነሰ ወይም እየጨመረ መሆኑን ከዓይን ቀድሞ ይናገራል። የጠጣውንና የሸናውን ትመዘግባለች። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ24 ሰዓት ወደ 360 ሚሊ ሊትር ሽንት ሊኖረው ይገባል፤ ከ180 በታች ከወረደ ሐኪሙ ወዲያው ማወቅ አለበት። የደም ግፊት የምትለካውም ለልጁ ክንድ በሚመጥን ማሰሪያ ነው፤ የጠበበው ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ያበጠው ቆዳ በቀላሉ ስለሚቆስል ታገላብጠዋለች፣ ንጽሕናውንም ትጠብቃለች።

ቀሪው ሥራ የእናት ነው። እብጠቱ እስኪጠፋ የልጁ ወጥ ያለ ጨው ይሠራ። ብዙ ቤት በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው ስለሚገባበት፣ ለእሱ ለብቻ ማዘጋጀት ይሻላል። የአምቦ ውኃም ሶዲየም ስላለበት በዚህ ጊዜ አይስማማውም። ነርሷ ይህን ሁሉ እናቲቱ በምትናገረው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ አስረድታ መልሳ እንድትነግራት ትጠይቃት። ምክሩ መግባቱ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ፕሬድኒሶሎን የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ፊትንም ክብ ያደርጋል። እናት ይህን አይታ በራሷ ብታቋርጠው ግን አደጋ ነው፤ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው። መድኃኒቱም ሕመሙም የልጁን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክሙ ከታመመ ሰው ይራቅ፤ ክትባት ከመውሰዱ በፊትም ባለሙያው መድኃኒቱን ይወቅ። ያበጠ ልጅ ትኩሳትና የሆድ ሕመም አብረው ከያዙት ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂድ።

ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። በቤት ውስጥ በሽንት መመርመሪያ ወረቀት ጠዋት ጠዋት ማየት የተማረ ቤተሰብ፣ የፕሮቲኑ ውጤት ለ3 ተከታታይ ቀናት 3 ፕላስ ከሆነ እብጠት ሳይጠብቅ ወደ ሕክምና ይመጣል። በመድኃኒት ያልተመለሱት ወደ አምቦ ሆስፒታሎች፣ ከዚያም እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳሉ የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ይላካሉ። ኩላሊታቸው ሥራ ላቆመ ሰዎች የሚደረገው ንቅለ ተከላ በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዋናው ግን ልጁ እዚያ ሳይደርስ መያዙ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁ ፊት ጠዋት ጠዋት ካበጠ ወይም ሽንቱ ሻይ ከመሰለ ነገ አትበሉ። የጤና ባለሙያዎችም ሽንቱን መርምሩ፣ መዝኑት፣ ግፊቱን ለኩ። ይህን ለማድረግ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።