ጅራፍ ሲጮህ ክርን ምን ይሆናል?

ከነሐሴ መግቢያ ጀምሮ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው ኮረብታ ሁሉ ጅራፍ ይጮሃል። ቡሄ እስኪደርስ፣ ማለትም እስከ ነሐሴ 13፣ እረኛው ከልጥ ወይም ከቃጫ የገመደውን ጅራፍ ይዞ ማዶ ካለው እኩያው ጋር ይፎካከራል። ድምፁ ከሩቅ ለሚሰማው ተኩስ ይመስላል። ምክንያቱ ያስደንቃችኋል፦ የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ጫፉ ለቅጽበት ይቀድመዋል፤ ጩኸቱም ያን ጊዜ ይወለዳል። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ጭቃ ላይ ቆሞ ይህን ይሠራል!

እንዴት ቻለ? ጅራፍ እጀታው ጋ ወፍራም ነው፤ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ከወፍራሙ የተነሳው ጉልበት ወደ ቀጭኑ ሲተላለፍ፣ የሚነዳው ክብደት እያነሰ ስለሚመጣ ፍጥነቱ ይጨምራል። ልጁን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ነገሩ የሚጀምረው ከጅራፉ በፊት ነው። እግሩን ይተክላል፤ ወገቡ ይዞራል፤ ደረቱ ይከተላል፤ ከዚያ ትከሻው፣ ክርኑ፣ የእጁ አንጓ በየተራ ይመጣሉ። ሰውነቱ ራሱ ሌላ ጅራፍ ነው ማለት ይቻላል። ከወፍራሙ ተቀብላ ለቀጭኑ የምታቀብለው፣ መሐል ላይ የተቀመጠችው መጋጠሚያ ደግሞ ክርን ናት።

ስለዚች መጋጠሚያ ሐኪሞች ብዙ የተማሩት እኛ ጋ ከማይዘወተር ጨዋታ ነው፤ ከቤዝቦል። ፒቸር የሚባለው ወርዋሪ፣ ከ18 ሜትር በላይ ርቆ ዱላ ይዞ ወደሚጠብቀው ተጋጣሚው ኳሷን ባለ በሌለ ኃይሉ ይወረውራል፤ በአንድ ጨዋታ መቶ ጊዜ ያህል ሊወረውር ይችላል። ወደ ኋላ የተለጠጠው ክንድ ወደ ፊት ሲመለስ ትከሻው የሚዞረው በሰከንድ 7,000 ዲግሪ ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። በዚያው ቢቀጥል በአንዲት ሰከንድ 19 ጊዜ በዞረ ነበር!

ችግሩ ያለው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ደረትና ትከሻ ወደ ፊት ሄደዋል፤ እጅ ገና ኋላ ቀርቷል። ክርን በሁለቱ መሐል ትጠመዘዛለች፤ ውስጠኛው ጎኗ ይለጠጣል፣ ውጪኛው ይጨፈለቃል። እስቲ አሁን ቀኝ ክርናችሁን አጠፍ አድርጉና በግራ እጃችሁ በደረት በኩል ያለውን ጎን ዳስሱ። ጎላ ያለች አጥንት አገኛችሁ? ከኋላዋ፣ ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረው ነርቭ ያልፋል። ከእሷ ተነስቶ የታችኛው ክንድ አጥንት ላይ የሚያርፍ፣ ከትንሿ ጣታችሁ የሚጠብ ጅማትም አለ። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንደለኩት፣ ጎልማሳ ፒቸር በሙሉ ኃይሉ ሲወረውር ክርኑ ላይ የሚያርፈው ጠምዛዥ ኃይል 64 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ጅማቱ ብቻውን ሲፈተን በዚህ ግማሽ ገደማ ይበጠሳል። ቀሪውን የሚሸከሙለት ጡንቻዎቹና የአጥንቶቹ ግጥምጥም ናቸው። ጡንቻው የደከመ ዕለት ሸክሙ ወዴት እንደሚዞር ገምቱ።

እ.ኤ.አ. በ1974 ይህ ጅማት ቶሚ ጆን በተባለ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ግራኝ ፒቸር ላይ ተበጠሰ። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከሌላኛው እጁ ጅማት ወስዶ ተካለት። ይመለሳል ብሎ የገመተው ከመቶ አንድ ዕድል ነበር፤ ሰውየው ግን በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ። ቀዶ ሕክምናው ዛሬም በስሙ ይጠራል። የተወሰደውን ጅማት ማየት ትችላላችሁ፦ አውራ ጣታችሁንና ትንሿን ጣት አገናኙና አንጓችሁን ወደ ውስጥ አጠፍ አድርጉ፤ መሐል ላይ ተገትሮ የሚታየው እሱ ነው። አንዳንድ ሰው ጭራሽ የለውም፤ ባለመኖሩም የሚቸገርበት ነገር የለም።

ልጅ ላይ ግን ታሪኩ ይለያል። ቅድም የዳሰሳችኋት አጥንት ልጅ ላይ ከዋናው አጥንት ጋር ገና አልተዋሐደችም፤ ያያያዛት ለስላሳ ልም አጥንት ነው፤ ሙሉ በሙሉ የምትገጥመው በአሥራዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። የልጅ ጅማት ከዚህ ልም አጥንት ይጠነክራል። ስለዚህ ደጋግሞ ሲጎተት የሚሸነፈው ጅማቱ መሆኑ ቀርቶ መያዣው ይሆናል፤ ይቆስላል፣ ይሰፋል፣ አንዳንዴም አጥንቷ ተገንጥላ ትነሳለች። አሜሪካውያን ሐኪሞች ጉዳቱን በአገራቸው የልጆች ቤዝቦል ሊግ ስም ከሰየሙት ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር። የልጆቹ ሊግ ከ2007 ወዲህ ውርወራ ይቆጥራል፦ ዘጠኝና አሥር ዓመት የሆነው በቀን ከ75፣ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት የሆነው ከ85 በላይ አይወረውርም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2006 የወጣ ጥናት ደግሞ ዋናውን ጠላት ለይቶታል፦ ክንዳቸው እየደከመ አዘውትረው የወረወሩ ወጣቶች ክርን ወይም ትከሻቸው ለቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድሉ 36 እጥፍ ነበር።

ታዲያ ጅራፍ ይከልከል? በጭራሽ! የቡሄው ጅራፍ የተጫዋቹ ነው። ክንዱ የዛለ ልጅ ጅራፉን ለጓደኛው ይሰጥና ሙልሙሉን ይበላል፤ ማንም አያስገድደውም፤ በዓሉ ካለፈም ጨዋታው ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ ወንጭፉ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረድ ሲሉ፣ ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ የሚወጣ ልጅ አለ። ድንጋዩን ወንጭፉ ላይ ያኖራል፣ ከራሱ በላይ ያዞራል፣ አንዱን ጫፍ ይለቃል። ወፍና ዝንጀሮ «ክንዱ ደክሞታል» ብለው አይመለሱም። ከንጋት እስከ ምሽት፣ ሰብሉ እስኪሰበሰብ ድረስ ይህ ልጅ ውርወራውን የሚቆጥርለት የለም። ለትምህርት ቤት ውድድር ጦር ውርወራ የሚለማመደውም እንዲሁ ነው፤ መምህሩ ርቀቱን በሜትር ይለካል፣ የወረወረውን ብዛት ግን ላይጽፍ ይችላል። በሁለቱም ቦታ መፍትሔው ወጪ የለውም፦ ማማ ላይ ሁለት ልጅ እየተፈራረቀ ይዋል፣ ሜዳ ላይ መምህሩ ይቁጠር።

ልጅ «ክርኔን አመመኝ» ካለ ያቺን ውስጠኛ አጥንት ጫን በሉለት። ካመመው፣ ወይም ክንዱን እስከ መጨረሻው መዘርጋት ካቃተው፣ ውርወራውን ያቁም። ብዙውን ጊዜ የጥቂት ሳምንታት ዕረፍት ይበቃዋል። ማሸትና መጎተት ግን ለተላቀቀ ልም አጥንት ጠላቱ ነው፤ ወጌሻ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አስቡ። በተለይ ልጁ ከዛፍ ወይም ከማማ ወድቆ ክርኑ ካበጠ፣ ወጌሻው በቀርከሃ አጥብቆ ካሰረው በኋላም ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ደም እየደረሳቸው አይደለም። «ነገ እናየዋለን» አትበሉ፤ ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። እጅ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።