ያልተረገጠችው ቤዝ (ክፍል 3)

ካለፈው የቀጠለ

ባለፈው ክፍል ፒትስበርግ ላይ የሆነውን አይተናል። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1908 የቤዝቦል ቡድኑ ቺካጎ ከብስ በአሥረኛው ዙር 1 ለ 0 ሲሸነፍ፣ የቡድኑ ሁለተኛ ቤዝ ጠባቂ ጆኒ ኤቨርስ ዳኛውን ሃንክ ኦዴይን ሞገተ። የማሸነፊያዋ ነጥብ ስትገባ ዋረን ጊል የተባለው የፒትስበርግ ተጫዋች ሁለተኛውን ቤዝ ሳይረግጥ ከሜዳ ወጥቷል የሚል ክስ ነበር። ኦዴይ ብቻውን ይዳኝ ስለነበር አላየሁም አለ። የሊጉ ፕሬዚዳንት ሃሪ ፑሊያምም ውጤቱን አጸደቀ። ከብስ ጨዋታውን አጣ፤ ኤቨርስ ግን ነገሩን አልተወውም።

ቀኑ ሴፕቴምበር 23፣ ቦታው ኒውዮርክ፣ ከኩጋንስ ብላፍ ኮረብታ ግርጌ የተንጣለለው ፖሎ ግራውንድስ ነው። ኒውዮርክ ጃይንትስ፣ ቺካጎ ከብስና ፒትስበርግ ፓይሬትስ ለናሽናል ሊግ ዋንጫ ተናንቀዋል። ከብስ ከአንድ ቀን በፊት እዚሁ ሜዳ ላይ ጃይንትስን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አሸንፎ ልዩነቱን አጥብቦታል። የጃይንትስ አሰልጣኝ ጆን ማግሮ ሽንፈት የሚያንገበግበው ሰው ነው፤ በዚህ ቀን ኳስ እንዲወረውር ያቆመው ደግሞ ክሪስቲ ማቲውሰንን ነው። ማቲውሰን በዚያ ዓመት ብቻ 37 ጨዋታ አሸንፏል።

ጠዋት ላይ ግን አንድ ችግር ተፈጠረ። አንጋፋው የመጀመሪያ ቤዝ ጠባቂ ፍሬድ ቴኒ ወገቡን ታሞ መሰለፍ አቃተው። ቴኒ በዚያ ዓመት የቀረበት ጨዋታ ይህ አንዱ ብቻ ነው። በቦታው የገባው የ19 ዓመቱ ፍሬድ መርክል ነበር። ልጁ ወራቱን ያሳለፈው አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ታላላቆቹ ሲጫወቱ በመመልከት ነው። በዚያ የውድድር ዓመት ከጅምሩ ሲሰለፍም የመጀመሪያው ነው። ለአንድ ወጣት ከዚህ የከበደ ቀን አይገኝም፤ መርክል ግን ጨዋታውን ያለ ነቀፋ ይዞት ነበር።

ለከብስ የሚወረውረው ጃክ ፊስተር ነው። ጃይንትስን ደጋግሞ በማሸነፉ «የጃይንቶች ገዳይ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። በአምስተኛው ዙር ጆ ቲንከር የመታት ኳስ በቀኝ በኩል ማይክ ዶንሊንን አልፋ ስትንከባለል፣ ቲንከር ሜዳውን ዞሮ ገባ፤ 1 ለ 0። በስድስተኛው ዙር ዶንሊን ራሱ መትቶ በክ ሄርዞግን አስገባና ካሰ፤ 1 ለ 1። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገን መግቢያ አጣ።

ዘጠነኛው ዙር፣ የጃይንትስ ተራ። ሲ ሲሞር ተወገደ። አርት ዴቭሊን መትቶ ቤዝ ያዘ። ሙስ ማኮርሚክ ሲመታ ዴቭሊን ሁለተኛው ቤዝ ላይ ተቀደመ፤ ማኮርሚክ ግን የመጀመሪያው ላይ ቀረ። ሁለት ሰው ተወግዷል፤ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። መርክል ዱላውን ይዞ ወጣ።

ልጁ ወደ ቀኝ መታት። ማኮርሚክ እስከ ሦስተኛው ቤዝ ደረሰ፣ መርክልም የመጀመሪያው ላይ ቆመ። ሕዝቡ ተነሣ። ቀጣዩ አል ብሪድዌል ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ አልማራትም፤ በመሃል ሰንጥቃ ወጣች። የቤዞቹ ዳኛ ቦብ ኤምስሊ እንዳትመታው ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። ማኮርሚክ ሮጦ ገባ፤ 2 ለ 1! ብሪድዌል ከብዙ ዓመታት በኋላ ያቺን ኳስ ባልመታኋት ኖሮ ብሎ የተመኘው ለምን እንደሆነ ቀጥሎ የሚሆነው ይነግረናል።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። መቺው ወደ መጀመሪያው ቤዝ ሲሮጥ፣ እዚያ የነበረው ሯጭ ቦታውን ለቆ ሁለተኛውን ቤዝ የመርገጥ ግዴታ አለበት። እሱ ሳይደርስ ተቃራኒው ቡድን ኳሷን ይዞ ያንን ቤዝ ከረገጠ ሯጩ ተወገደ ማለት ነው። የተወገደውም የዙሩ ሦስተኛ ሰው ከሆነ የገባችው ነጥብ አትቆጠርም። ይህ በዚያን ጊዜው ደንብ አንቀጽ 59 የተጻፈ ነበር። ሜዳ ላይ የኖረው ልማድ ግን ሌላ ነበር፤ የማሸነፊያዋ ነጥብ ከገባች ሯጩ ወደ ልብስ መቀየሪያው ያቀናል፣ ማንም አይጠይቀውም። ጊልም ያደረገው ይህንኑ ነው። መርክልም ሲያደርጉ ያየው ይህንኑ ነው።

የፖሎ ግራውንድስ ልብስ መቀየሪያ የነበረው ከመሃል ሜዳው ጀርባ ነው። ተመልካቹም የሚወጣው ሜዳውን አቋርጦ ነበር። ማኮርሚክ እንደገባ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እየጮኸ ሜዳውን አጥለቀለቀው። መርክል ወደ ሁለተኛው ቤዝ ግማሽ መንገድ ያህል ሮጦ፣ የሚጎርፈውን ሰው ሲያይ ታጠፈና ወደ ልብስ መቀየሪያው ፈረጠጠ።

ኤቨርስ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛው ቤዝ አጠገብ ቆሞ፣ እጁን እያወዛወዘ ኳሷን ይጣራል። ከመሃል ሜዳ ሶሊ ሆፍማን ወረወረለት፤ ኳሷ አልፋው ሄደች። በዚህ ጊዜ ከሦስተኛው ቤዝ ጎን የነበረው የጃይንትስ ሰው፣ «ብረቱ» የሚባለው ጆ ማክጊኒቲ፣ ነገሩ ገባው። ዘሎ ኳሷን ያዘ። የከብስ ልጆች ተንጠላጠሉበት፤ ትግሉ መሬት ላይ ወረደ። ቲንከርና ኤቨርስ ተኳርፈው ዓመታት ያስቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ግን ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። ማክጊኒቲ እጁን አስለቀቀና ኳሷን ወደ ሕዝቡ መሃል ወረወራት።

ከዚህ በኋላ ምስክሮች አይስማሙም። የከብስ ሰው ከአንድ ተመልካች እጅ ነጥቆ አመጣት የሚሉ አሉ። የለም፣ ሌላ ኳስ ነው የሚሉም አሉ። የተረጋገጠው አንድ ነገር ነው፤ ኤቨርስ በዚያ ግርግር ውስጥ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ፣ ኳስ ወደ ላይ አንስቶ ዳኞቹን ይጣራል።

ኤምስሊ ወድቆ ስለነበር አላየም። ዓይኑን ወደ ባልደረባው አዞረ። ባልደረባው ደግሞ ሃንክ ኦዴይ ነው፤ ያው የፒትስበርጉ ዳኛ፣ በወጣትነቱ ለዚሁ ለኒውዮርክ ኳስ የወረወረው ሰው። ሕዝቡ ድሉን እያከበረ ነው፣ ማንም ውሳኔ የሚጠብቅ የለም። በዚህ ጊዜ ኦዴይ የሚናገረው አንድ ቃል የዓመቱን ዋንጫና የአንድ ወጣት ስም ይዞ ይሄዳል።

ኦዴይ ምን አየ? ምንስ ፈረደ? በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ። አንባቢ ሆይ፣ እስከዚያው በመርክል ላይ አትፍረድ፤ ያደረገው ታላላቆቹ ሁሉ ሲያደርጉት የኖሩትን ነው።

ይቀጥላል