የመስክ መኪና የሬዲዮ አንቴና እንዴት ይመረጣል?

ወደ ገጠር ለሥራ የሚላክ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ከመውጣቱ በፊት የሚጠይቀው ብዙ ነው። ነዳጁ መሞላቱን፣ ተለዋጭ ጎማው መጫኑን፣ የውሎ አበሉ መፈረሙን ይጠይቃል። በመኪናው ላይ ስለ ተተከለው የሬዲዮ አንቴና ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው ግን እስካሁን የለም። እኔም ራሴ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቆላ በወረድኩ ጊዜ አልጠየቅሁም።

የወረድነው ከባቲ ወደ ሚሌ በሚወስደው አገር ሲሆን ወሩ ነሐሴ ነበር። ከዋናው መንገድ ወጥተን በግራር መካከል ስንሄድ፣ ከፊት ፓራውልት ላይ የቆመው አንቴና ከአንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ጋር ተጋጭቶ ከሥሩ ተቀነጠሰ። ነገሩን እንደ ቀላል ጉዳት ቈጥረን ጉዞአችንን ቀጠልን። ግማሽ ሰዓት ያህል ሄደን አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር መኪናው እስከ ሆዱ አሸዋ ውስጥ ገባ። በወሎ ደጋ በኩል ሰማዩ ጠቍሯል። በዚያ አገር ባለበት ሳይዘንብ ጎርፍ እንደሚመጣ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ደጋ ላይ የጣለው ውሃ ቆላውን በድንገት ይደርስበታልና። የእጅ ስልካችን መስመር የለውም። ሁለተኛው መኪናችን አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በዋናው መንገድ ቆሞ ይጠብቀናል። የሬዲዮኑ መብራት በደንብ ይበራል፤ ብንጣራበት ብንጣራበት ግን የሚመልስ የለም።

ከዚያ እንዴት እንደ ወጣን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ከተመለስኩ በኋላ ግን ስለዚህ ስለ ተናቀው ዘንግ የሚያውቁትን ሰዎች እየጠየቅሁ ተማርኩ፤ ከተማርኩትም ዋናው ነገር ሬዲዮ ሲገዛ ሁሉ ሰው ስለ ዋቱ ቍጥር የሚጨነቀው በከንቱ መሆኑ ነው። ጥሩ ሬዲዮ በመጥፎ አንቴና ላይ ቢታሰር ጕሮሮው እንደ ታነቀ ዘፋኝ ነው።

የአንቴና ርዝመት እንደ ገዢው ፈቃድ የሚወሰን አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 300ን ሬዲዮው በሚሠራበት የሜጋ ኸርዝ ቍጥር ብናካፍለው የሞገዱን ርዝመት በሜትር እናገኛለን። የተለመደው የመኪና አንቴና የዚህ ርዝመት ሩብ ነው። ለምሳሌ ያህል በ150 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ሬዲዮ ሞገዱ 2 ሜትር፣ አንቴናው 50 ሴንቲ ሜትር፣ ማለት አንድ ክንድ ያህል ነው። በ450 ሜጋ ኸርዝ ሲሆን 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይበቃዋል። በ5 ሜጋ ኸርዝ የሆነ እንደሆነ ግን ሩቡ 15 ሜትር ይደርሳል፤ ይህንንም ተሸክሞ የሚሄድ መኪና የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ የእርዳታ ድርጅቶችን ነጭ ላንድ ክሩዘር ያየ ሰው፣ ከፊት ፓራውልት ተነሥቶ እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በጣሪያው ላይ የተጎነበሰውን ረጅም አንቴና ሳያስታውስ አይቀርም። ያ ዘንግ ኤች ኤፍ ለሚባለው፣ ሞገዱ ከሰማይ እየተንጸባረቀ ተራራ ዘልሎ በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ለሚደርሰው ሬዲዮ የተሠራ ነው። የጐደለውን ርዝመት የሚሞላለት ከሥሩ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ጣቢያው ሩቅ፣ መካከሉም ተራራ ለሆነበት መሥሪያ ቤት ከዚህ የተሻለ የመኪና አንቴና አላገኘሁለትም። ለቅርብ ለቅርቡ፣ ከመኪና ወደ መኪና ለሚደረግ ንግግር ግን አጭሩ የቪ ኤች ኤፍ አንቴና ይበልጣል። ሁለቱን እያምታቱ መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ዴሲቤል የሚባለውን ቍጥር እንደ ፈረስ ጕልበት መቍጠር ነው። በግዢ ኮሚቴ ውስጥ 3 እና 9 ተጽፎባቸው ሁለት አንቴናዎች ቢቀርቡ እጅ የሚወጣው ለ9 እንደሆነ አያጠራጥርም። ነገር ግን አንቴና ኀይል አይፈጥርም። ከሬዲዮው የተሰጠውን ያንኑ ኀይል፣ ምጣድ ላይ እንዳለ ሊጥ፣ ወይ ወፍራምና ጠባብ ወይ ስስና ሰፊ ያደርገዋል እንጂ። ባለ 9 ዴሲቤሉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን ቀንሶ ሁሉንም ወደ አድማስ ስለሚዘረጋው፣ በሜዳ አገር ሩቅ ይደርሳል። በገደልና በሸለቆ ግን ቀጭኑ ሞገድ ከተራራው ጋር ይላተማል፤ መኪናው ሽቅብ ባቀና ቍጥርም ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ይተኩሳል። ሸለቆ ውስጥ የሚሻለው ወፍራሙ፣ ማለት ትንሽ ዴሲቤል ያለው ነው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት አውስትራሊያውያን ይመስሉኛል። በበረሃቸው መካከል ለሚኖሩ ሰዎች አልፍሬድ ትሬገር የተባለ የአዴላይድ መሐንዲስ፣ በእግር እየተረገጠ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሬዲዮ ያቀረበላቸው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. ነበር፤ ሕመምተኛ ያለበት ቤት በአውሮፕላን የሚመጣውን ሐኪም የሚጠራው በዚህ ነበር። ዛሬም በዚያ አገር ሕዝቡ በመኪናው ውስጥ 477 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የሚሠራ ባለ 5 ዋት ሬዲዮ ይይዛል። አንቴና ሻጩም ገዢውን አስቀድሞ የሚጠይቀው የሚሄድበት አገር ሜዳ ነው ወይስ ተራራ ብሎ ነው፤ ለተራራ 3፣ ለድብልቅ 6፣ ለሜዳ 9 ይሰጠዋል። ስለዚህ ወደ ስሜን ተራሮች የሚላከው መኪናና ወደ ሰመራ ሜዳ የሚላከው መኪና አንድ ዓይነት አንቴና ይኑራቸው የሚል የግዢ ሰነድ ሳይ ይገርመኛል።

ጥንካሬን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ሥሩ ነው። በኮረኮንች መንገድ ላይ ረጅምና ከባድ አንቴና ሰዓታት ሙሉ ሲወዛወዝ የሚያደክመው ታስሮበት ያለውን ብረት ነው። ከሥሩ ጠንካራ ሞላ ያለው ከሆነ ቅርንጫፍ ሲመታው ይጎነበስና ይመለሳል። ሞላው ከመጠን በላይ የላላ እንደሆነ ደግሞ አንቴናው ዘወትር ስለሚዋዥቅ ድምፁም አብሮ ይዋዥቃል። ለዘንጉ ከፋይበር ግላስ ይልቅ ቀጭን የማይዝግ ብረት እመርጣለሁ፤ ፋይበሩ ሲሰነጠቅ አይታከምም፣ ብረቱ ግን ቢጎብጥ በጉልበት ይቃናል። ዘንጉ ከሥሩ ተፈትቶ የሚለወጥ ቢሆንና አንድ ተለዋጭ በመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

የሚተከልበት ቦታ ከዋጋው ይበልጥ ይቈጠራል። የሩብ ሞገድ አንቴና ግማሽ አካሉ የመኪናው ቆርቆሮ ነው፤ ስለዚህ የጣሪያው መካከል ለእርሱ ዙፋኑ ነው። ፓራውልት ጥግ ላይ የተተከለ እንደሆነ ሞገዱ የሚያደላው ቆርቆሮው ወደ በዛበት፣ ማለት በመኪናው በላይ አድርጎ ወደ ኋላ ነው። ጣሪያው በፖርቶ መጋላና በጀሪካን የተያዘ ከሆነ ግን ፓራውልት ላይ መትከል ግድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቆርቆሮ የማይሻውን የግማሽ ሞገድ ዓይነት መግዛት ይገባል። ጣሪያ መብሳት የመኪናውን ዋጋ ያወርዳል የሚሉ የንብረት ክፍል ሰዎች አሉ። ከእነርሱ ጋር መከራከር ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ኬብሉን የሚያስታውሰውም ጥቂት ነው። የተለመደው ቀጭኑ ኬብል በ150 ሜጋ ኸርዝ 5 ሜትር ቢዘረጋ ከኀይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን መንገድ ላይ ይበላል። መጋጠሚያው ላይ ውሃ ከገባማ የሚተርፈው ጥቂት ነው። አንቴናው ከሬዲዮው ጋር መስማማቱን የሚናገር አነስተኛ መለኪያ አለ፤ 1.5 ሲያሳይ ከኀይሉ 4 በመቶ፣ 2 ሲያሳይ 11 በመቶ፣ 3 ሲያሳይ ሩቡ ወደ ሬዲዮው ይመለሳል። ከ2 በላይ የሆነውን አንቴና ሳያስተካክሉ ከከተማ መውጣት አይገባም። የሚሠራበትን የሜጋ ኸርዝ ቍጥር መሥሪያ ቤቱ በራሱ አይመርጥም፤ በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው የሚፈቅድለት፤ ስለዚህ አንቴናው የሚገዛው ፈቃዱ በእጅ ከገባ በኋላ ነው።

ወደ ደረቁ ወንዝ ልመለስ። ዲግሪ ያለን ሦስት ሰዎች ሬዲዮኑን እየከፈትን እየዘጋን ስንጨቃጨቅ ሾፌራችን ዝም ብሎ ያየን ነበር። በኋላም «ልጆቼ፣ ሬዲዮኑ ደህና ነው፤ የተቈረጠው አፉ ነው» አለና ከፓራውልቱ ሥር ኬብሉን ስቦ አወጣ። በቢላዋ የውጭውን ላስቲክና ከሥሩ ያለውን የመዳብ ጥልፍልፍ ገፎ የመካከለኛውን ሽቦ ከነነጭ ልባሱ ብቻውን አስቀረ። ርዝመቱን በክንዱ ለካው። ሽቦውን በአካፋ እጀታ ላይ አስሮ ኮፈኑ ላይ ቀጥ አድርጎ ያዘና «አሁን ጥሩ» አለን።

በሦስተኛው ጥሪ መልስ መጣ። ሁለተኛው መኪና ደርሶ በገመድ ጎትቶ ሲያወጣን ሊመሽ ተቃርቦ ነበር። ያን ሌሊት ከወንዙ ራቅ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ ሰፍረን ሳለን ውሃው ሲወርድ ድምፁን ሰማነው።