የቀይ የደም ሕዋሳት ቆጠራ፦ ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

«ደም ማነስ» የሚለው ስያሜ ለብዙዎቻችን ደም ከሰውነት የጎደለ ወይም የደም ግፊት የወረደ ያስመስለዋል። በሕክምና ትርጉሙ ግን ደም ኦክስጅን የመሸከም ዐቅሙ መቀነሱ ነው። ከላቦራቶሪ በሚሰጠን ወረቀት ላይ የቀይ የደም ሕዋሳት ቁጥር ሰፍሮ ስናይም «ደኅና ነን» ወይም «ታመናል» ብለን ለመፍረድ እንቸኩላለን። በዚህ ጽሑፍ ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝና ብቻውን ለፍርድ የማይበቃበትን ምክንያት ከመለኪያ ሳይንስ አንጻር እንመለከታለን።

ቁጥሩ ክፍልፋይ ነው

ውጤቱ የሚገልጸው በአንድ ማይክሮ ሊትር፣ ማለትም በሚሊ ሊትር አንድ ሺኛ ደም ውስጥ ያሉትን ቀይ ሕዋሳት ብዛት ነው። ለአዋቂ ወንዶች በአብዛኛው ከ4.5 እስከ 5.9 ሚሊዮን፣ ለሴቶች ከ4.1 እስከ 5.1 ሚሊዮን መደበኛ ተደርጎ ይወሰዳል። ወሰኑ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ስለሚለያይ በወረቀቱ ላይ የታተመውን ማየት ይገባል።

ክፍልፋይ እንደ መሆኑ፣ ከላይ ሕዋሳቱ፣ ከታች የደሙ ይዘት አለ። በተቅማጥና በትውከት ፈሳሽ ያጣ ሰው አንድ ሕዋስ ሳይጨመርለት ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። በእርግዝና ወቅት ደግሞ ፕላዝማው ከሕዋሳቱ በበለጠ ስለሚጨምር ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

ቆጠራና እርግጠኛነት

በማይክሮስኮፕ ሲቆጠር ደሙ 200 ጊዜ ይቀጥንና 0.1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ባለው የመቁጠሪያ መስታወት ላይ ይደረጋል። በአምስት ትናንሽ ካሬዎች ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ይቆጠራሉ። የካሬዎቹ ይዘት በድምሩ 0.02 ማይክሮ ሊትር ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ በ50፣ ስለ ማቅጠኑም በ200፣ በጠቅላላው በ10,000 ይባዛል። እንግዲህ 500 ሕዋሳት ብንቆጥር ውጤቱ 5.0 ሚሊዮን ይሆናል።

ነገር ግን ሕዋሳቱ በካሬዎቹ ላይ የሚያርፉት በአጋጣሚ ነው። ከዚህ የሚመነጨው መዋዠቅ በግምት ከተቆጠረው ቁጥር ስኩዌር ሩት ጋር እኩል ነው፤ ለ500 ሕዋሳት 22 ገደማ፣ ማለትም 4.5 በመቶ። ዛሬ 5.0፣ ነገ 4.7 ሚሊዮን ቢመጣ ልዩነቱ የሕመም ሳይሆን የቆጠራው አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካዊው ዋላስ ኮልተር እ.ኤ.አ. በ1953 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ይህን ችግር አቃለለ። ሕዋሳቱ በጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ሆነው በጠባብ ቀዳዳ ያልፋሉ። ሕዋስ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያስተላልፍ ባለፈ ቁጥር የቀዳዳው ሬዚስታንስ ለአፍታ ይጨምራል፤ መሣሪያውም ይህን ይቆጥራል። 50,000 ሕዋሳት ሲቆጠሩ መዋዠቁ ከ0.5 በመቶ በታች ይወርዳል። የጭማሪው ከፍታ ደግሞ የሕዋሱን መጠን ይጠቁማል።

ብዛት ያለ መጠን

ይህ ሁለተኛው መረጃ ከፍተኛ ጥቅም አለው። የሁለት ሰዎች ቆጠራ እኩል 5.0 ሚሊዮን ነው እንበል። የአንደኛው ሕዋሳት አማካይ ይዘት 90 ፌምቶ ሊትር ከሆነ ሕዋሳቱ የደሙን 45 በመቶ ይይዛሉ። የሁለተኛው 70 ፌምቶ ሊትር ከሆነ ግን 35 በመቶ ብቻ ይሆናሉ። የብረት ማዕድን እጥረት ሕዋሳትን የሚያሳንስና ሄሞግሎቢናቸውን የሚቀንስ በመሆኑ «ቁጥሬ መደበኛ ነው» ብሎ የተጽናና ሰው ደም ማነስ ሊኖርበት ይችላል። በአንጻሩ ታላሲሚያ የተባለውን የዘር ባሕርይ ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ሰው ሕዋሳቱ ትናንሽ ሆነው ሳለ ብዛታቸው ከፍ ሊል ይችላል፤ የብረት እጥረት ከሌለበት የብረት እንክብል አይጠቅመውም።

ስለዚህ የውጤት ወረቀት በእጃችን ሲገባ ቆጠራውን ከሄሞግሎቢኑና ከሕዋሳቱ አማካይ ይዘት ጋር አብረን እናንብብ። ቁጥሩ ዝቅ ካለም ከመድኃኒት ቤት እንክብል ገዝተን ከመዋጥ በፊት መንስኤውን ሐኪም እንጠይቅ። መንስኤው ደም የሚመጥ የአንጀት ትል ወይም ያልታወቀ መድማት ከሆነ እንክብሉ ቁጥሩን ለጊዜው ቢያሻሽልም ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።