ሰንበትን የተወ ልጅ ምግባሩንም ትቷልን?

በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ከወላጆች ጋር ስገናኝ አንድ ጭንቀት ደጋግሜ እሰማለሁ። «ልጄ ሰንበትን ማክበር ተወ፤ ኪፓውንም አወለቀ። ፈጣሪን ካልፈራ ነገ ከስርቆትና ከመጠጥ ማን ይመልሰዋል?» ይላሉ። አንዳንዱ አባት ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ማነጋገር ይተዋል። ልጁም በበኩሉ ከቤት ይርቃል፤ እናት በሁለቱ መካከል ትጨነቃለች። ቤተሰብን እስከ መለያየት የሚያደርስ ጉዳይ ስለሆነ ጥያቄውን ሳንሸፋፍን እናንሣው። ሃይማኖት የማይከተል ሰው ግብረ ገብ ሊኖረው ይችላልን?

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ባደግንበት መንደር ነውርና ኃጢአት ተለያይተው አይታወቁም ነበር። ቄሱ ያስተምራል፣ ሽማግሌው ያስታርቃል፣ ጎረቤቱ ይታዘባል። ሃይማኖቱን የጣለ ሰው ወገኑንም አብሮ እንደጣለ ይቆጠር ነበር። ወደዚህ አገር ስንመጣ ግን «ሂሎኒ» የሚባሉ፣ የሃይማኖትን ሥርዓት የማይጠብቁ አይሁድ አገኘን። እ.ኤ.አ. በ1910 ደጋንያ የተባለውን የመጀመሪያውን ኪቡጽ የመሠረቱት ወጣቶች አብዛኞቹ የአባቶቻቸውን የሃይማኖት ሥርዓት ትተው የመጡ ነበሩ። ሆኖም ንብረታቸውን በጋራ አድርገው ሠርተዋል፤ የታመመውንም ሆነ የደከመውን የመርዳት ግዴታ በራሳቸው ላይ ጥለዋል። ኑሯቸው እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሰንበትን አለማክበርና ሌባ መሆን አንድ ነገር እንዳልሆነ ያሳዩናል።

እኛም በአገራችን ሁለቱንም አይተናል። ደርግ ሃይማኖትን ወደ ጎን ገፍቶ በማርክሲዝም ትምህርት አገር እመራለሁ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ብዙ ሺህ ሰዎች ተገደሉ። ይህን ያየ ሰው «ፈጣሪን የካደ እንዲህ ያደርጋል» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብለው ያሳደዱት እነማን ነበሩ? ጾም የሚጾሙ፣ በዓል የሚያከብሩ፣ ፈጣሪን እንፈራለን የሚሉ ጎረቤቶች ነበሩ። ከእነዚያው ጎረቤቶች መካከል ደግሞ ለእኛ ሲሉ የተቆረቆሩ ደጋጎች አልጠፉም። እንግዲህ እምነት መኖሩ ብቻውን፣ አለመኖሩም ብቻውን፣ ሰውን ደግ ወይም ክፉ አያደርገውም።

ኦሪትም ቢሆን ከዚህ አትርቅም። ቃየል አቤልን ሲገድል አሥርቱ ቃላት ገና አልተሰጡም ነበር፤ ሆኖም «ሕግ አላውቅም ነበር» ብሎ ሊያመልጥ አልቻለም። ሙሴን ከውኃ ያወጣችው የፈርዖን ልጅም ከእስራኤል ሕግ አንዱንም የተማረች አልነበረችም። የሕፃን ልቅሶ ሰማች፣ አዘነች፣ አዳነችው። መልካምንና ክፉን መለየት ከሲና በፊትም በሰው ልብ ውስጥ እንደነበረ ይህ ያስረዳል።

ታዲያ ሰውን በክፉ ቀን ደግ የሚያደርገው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ሕይወቱን ሙሉ የተከታተለ አንድ ምሁር ነበር። ሳሙኤል ኦሊነር ይባላል። በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን፣ በ12 ዓመቱ ናዚዎች ቤተሰቡን ሲገድሉ አንዲት ካቶሊክ ገበሬ ሴት ረድታ አተረፈችው። በኋላ በአሜሪካ ፕሮፌሰር ሆኖ፣ ከባለቤቱ ከፐርል ጋር፣ በናዚ ዘመን አይሁድን ያዳኑ ከ400 የሚበልጡ ሰዎችን ጠየቀ። ሊያድኑ ይችሉ የነበሩና ያላዳኑ ሰዎችንም ጨምሮ አነጻጸረ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1988 በመጽሐፍ አወጡት። ሃይማኖተኛነት ብቻውን ያዳኑትን ካላዳኑት እምብዛም አልለየም። ከአዳኞቹ መካከል አጥባቂ አማኞችም፣ ምንም የማያምኑም ነበሩ።

ይልቁንም የለያቸው አስተዳደጋቸው ነበር። የአዳኞቹ ወላጆች ልጅ ሲያጠፋ ከመምታት ይልቅ ጥፋቱ ማንን እንደጎዳ ማስረዳት ያዘወትሩ ነበር። ሌላው ደግሞ ርኅራኄ ለወገን ብቻ ሳይሆን ለሰው ሁሉ እንደሚገባ በቤታቸው መማራቸው ነበር። ዛሬ በኢየሩሳሌም ያድ ቫሼም ያከበራቸው እንዲህ ያሉ ደጋጎች ከ28,000 በላይ ናቸው።

ከዚህ ለእኛ ወላጆች የሚጠቅም ብዙ ነገር አለ። ልጅዎን «አትስረቅ፣ ፈጣሪ ያይሃል» ማለት ይችላሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያ አያብቁ። የተሰረቀው ገንዘብ የማን ድካም እንደሆነ፣ የዚያ ሰው ልጆች ምን እንደሚያጡ ያስረዱት። ምክንያቱን የተረዳ ልጅ ኪፓውን ቢያወልቅ እንኳ ምክንያቱ አብሮት ይቀራል። ፍርሃት ብቻ የተማረ ልጅ ግን ፍርሃቱ ሲጠፋ ባዶ እጁን ይቀራል።

ሁለተኛም፣ በማዕድ ዙሪያ ስለ ሌላው ሰው የምንናገረውን እንመርምር። ልጆቻችን ይሰማሉ። በራሳችን መካከል እንኳ «ጨዋ»ና «ባሪያ» እያልን ጋብቻ ስንከለክል፣ ጸሎታችንን ጨርሰን በዚያው አፍ ወንድማችንን ስናዋርድ፣ ልጁ ሃይማኖትና ደግነት የተለያዩ መሆናቸውን የሚማረው ከእኛው ነው።

ሦስተኛም፣ በሩን አንዝጋበት። የሰንበት ማዕድ ላይ ቦታው ይጠብቀው። የተበደረውን ይመልሳል? ቃሉን ይጠብቃል? አያቱን ወደ ሐኪም ቤት ይወስዳል? እነዚህን ካደረገ ምግባሩ አልጠፋምና፣ ይህንኑ በአንደበታችን እንንገረው። ካላደረገም የሚመከረው በቅርብ ሆኖ ነው፤ የተባረረ ልጅ ምክር የሚሰማው ከመንገድ ነው።

ይህን ስል ሃይማኖት አይጠቅምም ማለቴ እንዳይመስል። ሃይማኖታችን ቀን ቆርጦ ራሳችንን እንድንመረምር ያስገድደናል። እኛ አስተስርዮ የምንለው ዮም ኪፑር፣ ከእርሱም ሃምሳ ቀን በኋላ የሚመጣው ስግድ ለዚህ የቆሙ ናቸው። ሃይማኖቱን የተወ ሰው ይህን የሚያደርግበት ሌላ ጊዜና ሌላ ሽማግሌ መፈለግ አለበት፤ ይህም ቀላል አይደለም። ነገር ግን የአይሁድ ሊቃውንት በሚሽና ያስተማሩትን እናስታውስ። ሰው ፈጣሪውን የበደለውን በደል ዮም ኪፑር ያስተሰርይለታል፤ ሰውን የበደለውን ግን የተበደለውን ሄዶ እስኪያስታርቅ ድረስ አያስተሰርይለትም። ይህን ዕዳ ሰንበትን የሚያከብር አባትም፣ ሰንበትን የተወ ልጁም፣ እኩል ይከፍሉታል።